ለተረኛ የጤና ባለሙያ የሚታመን መረጃ ከየት ይገኛል?

ጥያቄ፦ አዋላጅ ነርስ ነኝ። በሌሊት ተራዬ አንዲት የምታጠባ እናት የታዘዘላትን መድኃኒት ይዛ «ልጄን አይጎዳብኝም ወይ?» ብላ ጠየቀችኝ። ሐኪሙ ኦፕሬሽን ክፍል ነበር። በስልኬ ጎግል ላይ ብፈልግ አንዱ ችግር የለውም ይላል፣ ሌላው ማጥባት አቁሚ ይላል። ደህና የመሰለኝን የጥናት ጽሑፍ ልከፍት ስል ደግሞ ክፈዪ አለኝ። በነጻ የሚገኝና የሚታመን ዲጂታል ቤተ መጻሕፍት ካለ ቢጠቁሙኝ።

መልስ፦ ልክ ለዚህ ዓይነት ጥያቄ የተዘጋጀ የመረጃ ቋት አለ፤ ላክትሜድ ይባላል። የአሜሪካ ብሔራዊ የሕክምና ቤተ መጻሕፍት «ቡክሼልፍ» በሚለው ገጹ ላይ ለማንም ሰው በነጻ ክፍት አድርጎታል። የሚጽፉት የመድኃኒቱን ጄኔሪክ ስም ነው፤ አምራቹ ያወጣለትን የንግድ ስም ሳይሆን የመድኃኒቱን የራሱን ስም ማለት ነው። ሲከፍቱት መጀመሪያ አጭር ማጠቃለያ ያገኛሉ። ከዚያ መድኃኒቱ ወደ ጡት ወተት ምን ያህል እንደሚገባ፣ በሚጠባው ሕፃን ላይ ምን እንደታየ፣ የእናቲቱን ወተት ይቀንስ እንደሆነ ይዘረዝራል። ለብዙዎቹ መድኃኒቶች በምትካቸው ሊታሰብ የሚችለውንም ይጠቁማል።

ማጠቃለያውን አንብበው እንዳያቆሙ አደራ እላለሁ። «በሕፃኑ ላይ ጉዳት አልታየም» የሚለው ቃል የመጣው ብዙ እናቶችን ከተከታተለ ጥናት ነው ወይስ ከሁለት ሦስት ሰዎች ሪፖርት? ይህን የሚነግርዎት ስለ ሕፃኑ የሚያወራው ክፍል ነው። የሕፃኑንም ዕድሜ አብረው ያስቡ፤ ያለ ጊዜው የተወለደ ሕፃን መድኃኒትን ከሰውነቱ የማስወገድ አቅሙ ገና ደካማ ነው። ያገኙትን ለሐኪሙ ወይም ለፋርማሲስቱ ሲያሳዩ ውይይቱ በግምት ሳይሆን በጽሑፍ ላይ ይሆናል።

በሆስፒታል ቤተ መጻሕፍት ስሠራ ደጋግሜ የማየው ነገር አለ፤ ባለሙያው ለማንኛውም ጥያቄ በቀጥታ ጥናት ፍለጋ ይገባል። ታካሚ አጠገብ ቆሞ የአንድ ጥናት ጽሑፍ ማንበብ ግን ብዙ አይጠቅምም። ያን ጊዜ የሚያስፈልግዎት ሌሎች ብዙ ጥናት አንብበው ያጠናቀሩት ነው። ስለ በሽታዎችና ሕክምናቸው የሚያስረዳው የኤም ኤስ ዲ ማንዋል የባለሙያዎች አፕ ነጻ ነው፤ አንዴ ካወረዱት ኢንተርኔት ባይኖርም ይሠራል። የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያዎችም «አይሪስ» በተባለው ማከማቻው ውስጥ ሙሉ በሙሉ ያለ ክፍያ ይገኛሉ። «ይህ ሕክምና በእርግጥ ይሠራል?» ለሚል ጥያቄ ደግሞ የብዙ ጥናቶችን ውጤት አንድ ላይ የሚገመግሙ ጽሑፎች ያሉበት ኮክራን ላይብረሪ አለ፤ ሙሉው ጽሑፍ ባይከፈትልዎ እንኳ በቀላል ቋንቋ የተጻፈው ማጠቃለያ ለሁሉም ክፍት ነው።

ጥናቱን ራሱን ሲፈልጉ ፐብሜድ ይግቡ፤ ከ1997 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለሕዝብ ነጻ ነው። ፐብሜድ ግን ማውጫ ነው፤ በአብዛኛው የሚያሳየው ርዕሱንና አጭር መግለጫውን ነው። ሙሉ ጽሑፍ የሚያከማቸው በ2000 የተከፈተው ፐብሜድ ሴንትራል ነው። ስለዚህ ከፍለጋ ውጤቱ ጎን ካሉት ማጣሪያዎች ነጻ ሙሉ ጽሑፍ የሚለውን ይምረጡ፤ «ክፈዪ» የሚለው ገጽ አብዛኛውን ጊዜ አያጋጥምዎትም። አጭር መግለጫ ብቻ አንብቦ ሕክምና መቀየር ግን ፈጽሞ አይገባም፤ እነማን ላይ እንደተጠና፣ እነማን ከጥናቱ እንደወጡ እዚያ ላይ ብዙ ጊዜ አይጻፍም።

በቴሌግራም ከእጅ ወደ እጅ የሚዞሩ ፒዲኤፎች በጣም ያሳስቡኛል። በ1998 ዘ ላንሴት ላይ የወጣው፣ የኤም ኤም አር (የኩፍኝ፣ የጆሮ ደግፍና የሩቤላ) ክትባትን ከኦቲዝም ጋር ያያዘው ጽሑፍ በ2010 በመጽሔቱ ተሰርዟል። ፐብሜድ ላይ ሲፈልጉት መሰረዙ በጉልህ ተጽፎበት ያገኙታል፤ ቀድሞ ወርዶ የተቀመጠ ፒዲኤፍ ላይ ግን ይህ ምልክት የለም። ስለዚህ የደረሰዎትን ጽሑፍ ርዕስ ፐብሜድ ላይ ጽፈው ያረጋግጡ። መመሪያ ከሆነም አዲስ እትም ወጥቶለት እንደሆነ ከምንጩ ይመልከቱ።

ስለ ክፍያው፣ በ2002 በዓለም ጤና ድርጅት የተጀመረው ሂናሪ ገቢያቸው አነስተኛ በሆኑ አገሮች ላሉ ተቋማት ትላልቅ አሳታሚዎች የሚሸጧቸውን መጽሔቶች በነጻ ወይም በአነስተኛ ክፍያ ይከፍታል። የሚመዘገበው ግለሰብ ሳይሆን ተቋሙ ነው። ተቋማቸው ተመዝግቦ ሳለ ሠራተኞቹ የይለፍ ቃሉን ሳያውቁ የሚቀሩበት ጊዜ ብዙ ነው፤ ይህ እጅግ ያሳዝነኛል። መጀመሪያ ቤተ መጻሕፍቱን ወይም የሥልጠና ክፍሉን ይጠይቁ። ካልተመዘገበ ማመልከቻው የሚሞላው በኢንተርኔት ነው፤ ኃላፊዎ እንዲያመለክቱ በጽሑፍ ይጠይቋቸው፣ ለሌሊት ተረኞችም መግቢያው እንዲደርሳቸው አብረው ያሳስቡ።