መልስ፦ ሊብሬው ላይ 1958 የሚል ቮልስ

የአባትህ ቮልስ (ቮልስዋገን ቢትል) ሊብሬዋ ላይ 1958 ስለሚል የፈረንጆቹ 1958 ሞዴል ናት ወይ ብለህ ጠይቀሃል። አይደለችም። በፎቶው እንዳየሁት ከሆነ የአባትህ ሊብሬ ላይ ያለው 1958 በእኛ አቆጣጠር ነው። በእነሱ 1965 መጨረሻ ወይም 1966 ይሆናል።

የቮልስ ዕድሜ ከኋላ መስታወቷ ይታወቃል። (ከዚህ በኋላ ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው።) እስከ 1953 መጀመሪያ መሃሉ ለሁለት የተከፈለ ነበር። ከዚያ እስከ 1957 አጋማሽ እንደ እንቁላል ሞላላ ሆነ፤ ቀጥሎ አራት ማዕዘን። ከ1965 ሞዴል ጀምሮ ደግሞ መስታወቶቿ ሁሉ ትንሽ ሰፉ፣ የፊተኛውም በስሱ ጎበጥ አለ። ያንተ ይቺ ናት።

በፊት መብራቱ ግን አትፍረድ። እስከ 1967 አጋማሽ የመብራቱ መስታወት ፓራፋንጎውን (ጎማውን ከላይ የሚሸፍነውን ላሜራ) ተከትሎ ወደ ኋላ ጋደም ያለ ነው፤ ከዚያ ቀጥ አለ። (ለእኔ ጋደም ያለው ይበልጣል። ወደ ማታ ጣና ዳር አቁመህ ከጎን እያት፣ ከመብራቱ እስከ በሩ ብርሃኑ ሳይሰበር ይፈስሳል።) ችግሩ ፓራፋንጎ በብሎን የሚታሰር ስለሆነ እዚህ ባሕር ዳር የሌላ ዘመን የተገጠመላት ቮልስ ሞልቷል።

አንድ ነገር ልንገርህ። ቀለም ስታስቀባ በፓራፋንጎውና በቦዲው መካከል ያለችውን ቀጭን የጎማ ክር እንዳያስወጧት። የእኔን ባትላሜራው (ቦዲ ሠሪው) አውጥቶ በስቱኮ ደፈነው። ቅርጿ ጠፍቶ ዱባ መሰለች። በክረምቱ ደግሞ ስቱኮው ተሰነጠቀ፣ ውሃ ገባ፣ ላሜራውን ከውስጥ ዝገት በላው።