«ያን ቀን የት ነበርሽ?» ስለ መጋቢት 1 የመጣ ጥያቄ

ጥያቄ፦ መምህር፣ ቃለ ሕይወት ያሰማልን። ጥያቄዬ ትንሽ ያሳፍረኛል። መጋቢት 1 ቀን 2011 የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን ቢሾፍቱ አጠገብ ሲወድቅ እኔ ጸጉር ቤት ነበርኩ። እሑድ ነው፣ ጾም ነው፣ ከሰዓት የጓደኛዬ ልደት ስላለ ቅዳሴውን ትቼ ነው የሄድኩት። ካስክ ውስጥ ሆኜ በስልኬ ቀልድ እያየሁ ስስቅ ነው ወሬው የመጣው። የምትሠራኝ ልጅ ቢጉዲኑን ጥላ ወጣች። እስከ ዛሬ የዚያ የጸጉር ቅባት ሽታ ሲሸተኝ ቀኑ ይመጣብኛል። አውሮፕላኑ ላይ የማውቀው ሰው አልነበረም። ግን በየዓመቱ ሰው በማኅበራዊ ሚዲያ «ያን ቀን የት ነበራችሁ?» ሲባባል እኔም እጽፋለሁ፤ ጸጉር ቤት ማለቱ ስለሚከብደኝ «ቤት ነበርኩ» እላለሁ። ይህ ኃጢአት ነው? «እኔን እግዚአብሔር አተረፈኝ» የሚሉትስ ልክ ናቸው? ከሞቱት ብዙዎቹ የእኛ እምነት ተከታዮች አይደሉም፣ ልጸልይላቸው እችላለሁ? ዘንድሮ ሰባት ዓመት ስለሞላቸው ነው የጠየቅኩዎት።
ወለተ ማርያም፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ እኅቴ ወለተ ማርያም፣ መጀመሪያ እኔም የራሴን ልናዘዝ፣ ከዚያ ወደ አንቺ እንመጣለን።

ለዓመታት ያን ቀን ስተርክ እንዲህ ነበር የምለው። ዕለቱ የቅድስት እሑድ ነው፣ የዐቢይ ጾም ሁለተኛው እሑድ። ቅዳሴ አልቆ ከደጀ ሰላሙ ስወጣ አንድ ዲያቆን ስልኩን ይዞ እየሮጠ መጣና «መምህር፣ አውሮፕላን ወደቀ» አለኝ። ነጠላውን ሳይቀር አስታውሰዋለሁ፣ አንዱ ጫፍ መሬት ይጎተት ነበር። እንዲያውም አንድ ጊዜ ስብከት ላይ ተናግሬዋለሁ፣ ሰው አልቅሷል። ባለፈው ዓመት ይህንኑ ለእንግዳ ሳወራ ባለቤቴ ከወጥ ቤት ብቅ አለችና «አንተ ደግሞ! ያን ቀን የት ሄድክና ነው? ጉንፋን ይዞህ ተኝተህ እኔ አይደለሁ እንዴ የቀሰቀስኩህ?» አለችኝ። ተከራከርኩ። በመጨረሻ አሮጌውን ስልክ ከመሳቢያ አውጥተን ስናየው ወንድሜ ያን ዕለት ጠዋት 5 ሰዓት ላይ «የት ነህ?» ብሎ ጽፎልኛል፣ የእኔ መልስ ደግሞ «ቤት ነኝ፣ አሞኛል» ይላል። ዲያቆኑ ከየት እንደመጣ እንጃ። ምናልባት በሌላ ቀን ሌላ ወሬ ይዞ የመጣ ዲያቆን ይሆናል።

ይህ የእኔ ብቻ ችግር አይደለም። በ1986 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ቻሌንጀር የተባለችው የአሜሪካ መንኮራኩር ስትፈነዳ፣ ኡልሪክ ናይሰር የሚባል የሥነ ልቦና ምሁር በማግሥቱ ተማሪዎችን ወሬውን የትና እንዴት እንደሰሙ አጻፋቸው። ከዓመታት በኋላ ደግሞ ያንኑ ጠየቃቸው። ብዙዎቹ ሌላ ታሪክ ተናገሩ፣ እርግጠኛ ግን ነበሩ። በነገራችን ላይ እኔ ታሪኬን ያሳመርኩት ከቤት ወደ ቤተ ክርስቲያን ነው፣ አንቺም ከጸጉር ቤት ወደ ቤት። ሁለታችንም ያደረግነው አንድ ነገር ነው፤ ልዩነቱ አንቺ ስትዋሺ ታውቂዋለሽ፣ እኔ አላውቅም ነበር። ስለዚህ ከእኔ የተሻልሽ ነሽ። «ቤት ነበርኩ» የምትለዋን ግን ተያት። ወይ እውነቱን ጻፊ፣ ወይ አትጻፊ።

ቦታን ማስታወስ በራሱ ምንም ክፋት የለውም። መጽሐፍ ቅዱሳችን በዚህ የተሞላ ነው። «በባቢሎን ወንዞች አጠገብ በዚያ ተቀመጥን» ይላል መዝሙር 136። የት እንደነበሩ ነው መጀመሪያ የነገሩን፣ ልቅሶው ከዚያ ነው የመጣው። ሕዝቅኤልም የባቢሎን ንጉሥ ኢየሩሳሌምን በከበበበት ዕለት «የዚህን ቀን ስም ጻፍ» ተብሏል። ዮሐንስ ወንጌላዊ ደግሞ ጌታን መጀመሪያ ያገኙበትን ቀን ሲተርክ «አሥር ሰዓት ያህል ነበረ» ብሎ ሰዓቷን ሳይቀር አስቀመጠልን። ሰው እንዲህ ነው። ትልቅ ነገር ሲመጣ አጠገቡ ያለው ትንሽ ነገር አብሮ ይታተማል፤ ለአንቺ የጸጉር ቅባት ሆነ።

አሁን ወደ ሣቁ። ስትስቂ አታውቂም ነበር። ጴጥሮስ ጌታው ሲመረመር ግቢ ውስጥ እሳት ይሞቅ ነበር፣ እሱ ግን ውስጥ ምን እየተደረገ እንደሆነ ያውቅ ነበር፤ ጥፋቱም መሞቁ ሳይሆን «አላውቀውም» ማለቱ ነው። አንቺ ግን አውሮፕላኑ 2፡38 ተነሥቶ 2፡44 ላይ ቱሉ ፈራ ሜዳ ላይ ሲወድቅ፣ በእነዚያ ስድስት ደቂቃዎች ውስጥ፣ ምናልባት ገና ከቤትሽ ወጥተሽ ታክሲ እየጠበቅሽ ነበር። ወሬው እስኪደርስሽ ሁሉም ነገር አልቆ ነበር። ቅዳሴ መቅረትሽን ለንስሐ አባትሽ ንገሪ፣ እሱ ራሱን የቻለ ነገር ነው። ከ157 ሰው ሞት ጋር ግን አታያይዢው። ማያያዙ ብታስቀድሺ ኖሮ አውሮፕላኑ አይወድቅም ነበር እንደማለት ነው።

እዚህ ላይ የሚከብደኝን ነገርም ልንገርሽ። በቅዳሴያችን ለመንገደኞች የሚጸለይ ጸሎት አለ። ያን ጠዋት አገሩ ሁሉ ላይ በየደብሩ ይህ ጸሎት ይደርስ ነበር፣ እነሱም መንገደኞች ነበሩ። ታዲያ ለምን? ብለሽ ብትጠይቂኝ የተዘጋጀ መልስ የለኝም። አንዳንድ መምህራን «ፈቃደ እግዚአብሔር ነው» ብለው ቶሎ ይዘጉታል። እኔ እንደዚያ ማለት ይከብደኛል። ቢያንስ አውሮፕላኑ እንዴት እንደወደቀ ይታወቃል፦ የአፍንጫውን አቅጣጫ የሚለካው ሴንሰር የተሳሳተ ቁጥር ላከ፣ ኤምካስ የተባለው የቦይንግ ሶፍትዌር ደግሞ እሱን አምኖ አፍንጫውን ደጋግሞ ወደ ታች ገፋው። ከዚያ አራት ወር ተኩል ያህል ቀደም ብሎ ኢንዶኔዥያ ውስጥ ያው ዓይነት አውሮፕላን በዚሁ ጣጣ ወድቆ 189 ሰው ሞቷል። የሰው ስንፍናና ችኮላ የሠራውን እግዚአብሔር ላይ መለጠፍ ትሕትና አይመስለኝም።

«እኔን አተረፈኝ» ስለሚሉት። አንድ የግሪክ ዜጋ ሁለት ደቂቃ ዘግይቶ በሩ ስለተዘጋበት 150ኛው ተሳፋሪ ሳይሆን ቀርቷል። ይህ ሰው ተመስገን ቢል ማን ይከለክለዋል? ተንበርክኮ ይበል። ነገር ግን ያ ምስጋና ትንሽ ገፋ ሲል «እነሱን ለምን አላተረፋቸውም?» ወደሚለው ይሄዳል፣ እዚያ ላይ ጌታ ራሱ አስቁሞናል። በሉቃስ 13 የሰሊሆም ግንብ ወድቆ የገደላቸው አሥራ ስምንት ሰዎች ከሌሎቹ የኢየሩሳሌም ሰዎች የባሱ በደለኞች ይመስሏችኋል ወይ ብሎ ጠየቀ፣ መልሱንም ራሱ ሰጠ፦ አይደሉም። ስለዚህ ስለራስሽ አመስግኚ፣ ስለነሱ ግን ዳኛ አትሁኚ። ሙታን ቤተሰብ አላቸው፣ የሚጻፈውን ያነባሉ።

ጸሎቱን በተመለከተ አጭር ነው። ሥርዓተ ፍትሐት ቤተ ክርስቲያን ለልጆቿ የምታደርሰው ነው፣ ይህን አንቺም እኔም አንለውጠውም። አንቺ በቤትሽ ቆመሽ «አቤቱ ማራቸው፣ ቤተሰባቸውን አጽናና» ብትዪ ግን ማንም አይቆጣሽም። ኬንያውያን 32 ነበሩ፣ ካናዳውያን 18፣ ከኛ ደግሞ ከአብራሪዎቹና ከአስተናጋጆቹ ጋር 17። የምሕረት ባለቤት ፓስፖርት አይጠይቅም።

ስለ 17ቱ ካነሣሁ አይቀር፣ መጋቢት 8፣ የምኵራብ እሑድ፣ ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል የሆነውን ታስታውሺ ይሆናል። ሰንደቅ ዓላማ የለበሱ 17 ሣጥኖች ተደረደሩ፣ ባዶ ነበሩ። አስከሬን ተለይቶ ለቤተሰብ እስኪደርስ ወራት ፈጅቷል። ቤተሰብ ከአደጋው ቦታ የተቃጠለ አፈር በከረጢት ነበር የተሰጠው፣ አንድ አንድ ኪሎ ያህል። እኔ ለብዙ ዓመት «አፈር ነህና ወደ አፈርም ትመለሳለህ» የሚለውን ለተማሪ አንብቤ ተርጕሜያለሁ፤ አንዲት እናት አንድ ኪሎ አፈር በነጠላዋ አቅፋ ስትቀመጥ ምን እንደሚመስል ግን አስቤው አላውቅም ነበር። ከዚያ ወዲህ ያን ጥቅስ ሳነብ ድምፄ ይቀየራል፣ ተማሪዎቼ ጉንፋን ይመስላቸዋል።

በኛ ሥርዓት ሙታንን ማሰብ ስም መጥራት ነው። ሣልስት፣ ሰባት፣ አርባ፣ ሰማንያ፣ ሙት ዓመት፣ ሰባት ዓመት እያልን የምንቆጥረው ካህኑ «ኃይለ ሚካኤል፣ ወለተ ጻድቅ» እያለ በክርስትና ስማቸው እንዲጠራቸው ነው። «እኔ ያን ጊዜ እዚህ ነበርኩ» የሚል ክፍል የለበትም። ዘንድሮ መጋቢት 1 ጾም ውስጥ ነው የዋለው፣ ስለዚህ ድግስ አያስፈልግሽም። የምሳሽን ዋጋ ለተራበ ስጪ። ከሟቾቹ የአንዱን ስም ፈልገሽ አንብቢ፣ ማን እንደነበረ፣ ወዴት ይሄድ እንደነበረ እወቂ። ከተሳፋሪዎቹ አንዳንዶቹ ናይሮቢ ላይ በማግሥቱ ለሚከፈት የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ጥበቃ ስብሰባ ነበር የሚሄዱት። ከዚያ ውጪ መለጠፍ ካማረሽ ለጥፊ፣ አልከለክልሽም።

አንድ ነገር ግን ከጥያቄሽ አልወጣልኝም። ሦስት ጊዜ አነበብኩት። የምትሠራሽ ልጅ ቢጉዲኑን ጥላ ወጣች ብለሻል፣ ከዚያ ስለሷ ምንም የለም። ሣቅሽ አለ፣ ሽታው አለ፣ የለጠፍሽው አለ። ያቺ ልጅ ለምን ወጣች? ማን ጋ ደወለች? ተመለሰች? ያ ጸጉር ቤት አሁንም ካለ ሂጂና ጠይቂያት፣ እባክሽ የነገረችሽንም ጻፊልኝ።