ማሲዋ ቤለሩን ትችለዋለች?

ጥቅምት ሲገባ ጥያቄው ሁሉ ስለ ድርቆሽ ይሆናል። የዘንድሮውም እንደዚያው ነው።

*ባለ 45 የፈረስ ጉልበት ማሲ ፈርጉሰን 135 ትራክተር አለችኝ። ባለ አራት ማዕዘን እስር የሚያወጣ ትንሽ ቤለር (የድርቆሽ ማሰሪያ ማሽን) ትጎትትልኛለች? (ከሱሉልታ)*

መጎተቱንስ ትጎትታለች። ግን 45 የሚባለው የሞተሩ ጉልበት ነው፤ ቤለሩ የሚያገኘው ከኋላ በካርዳን (ከትራክተሩ ወደ ማሽኑ በሚዞረው ዘንግ) የሚወጣውን ነው፣ እሱ ደግሞ 37 ገደማ ነው። ትንሽ ቤለር ከ35 ጀምሮ ስለሚሠራ የበቃ ይመስላል። ሱሉልታ ግን ከ2,500 ሜትር በላይ ናት፣ ቱርቦ (አየር ወደ ሞተሩ የሚገፋ መሣሪያ) የሌለው ሞተር እዚያ አየር ያጥረዋል፣ ጉልበቱም እስከ አንድ አምስተኛ ሊቀንስ ይችላል። 37ቱ 30 ሆነ ማለት ነው! ስለዚህ ሜዳ ላይ፣ በትንሽ ማርሽ፣ ሳሩን በቀጭን መስመር ሰብስበው ይሥሩ። ካርዳኑ በደቂቃ 540 ዙር መዞር አለበት፤ ቀስ ማለት ሲፈልጉ ማርሽ ይቀንሱ እንጂ ነዳጅ አይቀንሱ። ጭሷ ከጠቆረና ድምጿ ከወረደ ድርቆሹ በዝቶባታል። ገና ትራክተር የሚገዛ ሰው ቢጠይቀኝ ግን ቱርቦ ያለው ባለ 60 የፈረስ ጉልበት እለው ነበር።

*ፍሪሲዮን ስረግጥ ትራክተሩ አይቆምም፣ የሆነ ነገር ወደፊት ይገፋኛል። ፍሬኑ ነው?*

አይደለም፣ የቤለሩ ቮላኖ፣ ማለትም ከባዱ ተሽከርካሪ ብረት ነው። የካርዳኑ መውጫ የራሱ ፍሪሲዮን በሌለው አሮጌ ትራክተር ላይ፣ ሞተሩን ቢለዩትም ያ ከባድ ብረት መሽከርከሩን ስለማያቆም በካርዳኑ በኩል ተመልሶ ጎማውን ይነዳል። እኔ ይህን ያወቅሁት የጎረቤቴን አጥር ከጣስኩ በኋላ ነው። በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚይዝ መገናኛ ካርዳኑ ላይ ያስገጥሙ። ቁልቁለት ላይ ደግሞ ከነቤለሩ አይሞክሩት፤ ቀላል ትራክተር በከባድ ቤለር ይገፋል።

*የቮላኖው ብሎን በየቀኑ ይቆረጥብኛል። ጠንካራ ብሎን ላስገባ?*

ኧረ በፍጹም! የተሠራው እንዲቆረጥ ነው፤ እሱ እምቢ ካለ የሚሰበረው የቤለሩ ማርሽ ነው። መጀመሪያ ድርቆሹን ጨብጠው ይጠምዝዙት። እርጥበት ከተሰማዎት አንድ ቀን ፀሐይ ይጨምሩለት፤ እርጥብ ሳር ማሽኑንም ያንቃል፣ ታስሮ ሲከመርም ይሻግታል።

*በባለ ሁለት ጎማ ትራክተርስ?*

ለዚህ ቤለር አይሆንም። ትንንሽ ክብ እስር የሚያወጡ ለእሱ የሚሆኑ አሉ። መሬቱ አንድ ሁለት ሄክታር ከሆነ ግን የእንጨት ሳጥን ይበቃዎታል፦ ገመዱን ያነጥፋሉ፣ ሳሩን እየጨመሩ በእግር ይረግጣሉ፣ አስረው ያወጣሉ።