ቆሞ ባትሪ የሚበላ ሞተር ሳይክል፦ ሦስተኛ ባትሪ ከመግዛትህ በፊት

ወንድሜ፣ ሌሎችም እንዲከታተሉ ጥያቄህን ባጭሩ ላስቀምጠው። ያማሃ ኤፍጄአር 1300 ነው፤ ስድስት ቀን ከቆመ ሞተሪኖው (ሞተሩን አዙሮ የሚያስነሳው) ቀጭ ቀጭ ብሎ ይቀራል፤ ባትሪው ሁለት ጊዜ ተቀይሯል፤ ከፋብሪካ ውጭ የተጨመሩበት የስልክ ቻርጀር፣ የጂፒኤስ መከታተያና ጥንድ የጭጋግ መብራት ናቸው። በየቀኑ ሲነዳ ችግር የለበትም።

አንድም ብሎን ሳይፈታ ሂሳቡ ብዙ ይነግረናል። የዚህ ሞተር ባትሪ 12 አምፒር-ሰዓት ነው። ግማሹ ካለቀ 1300 ሲሲ ማዞር ያቅተዋል። 6 አምፒር-ሰዓት በስድስት ቀን ካለቀ በቀን 1 ነው፤ ይህን ለ24 ስታካፍለው ሳያቋርጥ 42 ሚሊአምፒር (የአምፒር ሺኛ) ገደማ የሚስብ ነገር አለ ማለት ነው። ጤነኛ ሞተር ቁልፉ ተዘግቶ ለሰዓቱና ለኮምፒውተሩ የሚወስደው ጥቂት ሚሊአምፒር ብቻ ነው (አላርም ካለው ይጨምራል)። በ5 ሚሊአምፒር ቢሆን ያው ባትሪ ግማሽ ለመድረስ 50 ቀን ይፈጅበታል።

ይኸው ሂሳብ ንጹሃኑንም ነጻ ያወጣል። በቁልፉ ማብሪያ ላይ ያለው የ"ፒ" ቦታ የፓርኪንግ መብራት ያበራል፤ መሪ ስትቆልፍ በስህተት እዚያ ከደረሰ ባትሪው በአንድ ሌሊት ያልቃል እንጂ ስድስት ቀን አይቆይም። የጭጋግ መብራቱ ሬሌም (በትንሽ ኤሌክትሪክ ትልቁን የሚከፍትና የሚዘጋ ማብሪያ) ሳይጠፋ ቀርቶ ቢሆን በውስጡ ያለው የሽቦ ጥቅልል ብቻውን 150 ሚሊአምፒር ገደማ ስለሚወስድ በሁለት ቀን ይጨርስልህ ነበር። አንተ የምትፈልገው የማይሞቅ፣ የማይጮህ፣ ትንሽ ነገር ነው።

ግን መጀመሪያ ባትሪውን ራሱን አጥራ። በቻርጀር ሙሉ በሙሉ ሙላው፣ ነጋቲቩን ፍታና ሁለት ሦስት ቀን ለብቻው አስቀምጠው። ቻርጀሩ ከተነሳ ከጥቂት ሰዓት በኋላ 12.8 ቮልት አካባቢ መሆን አለበት፤ ምንም ሳይነካው በሦስት ቀን ከ12.5 በታች ከወረደ ባትሪው ራሱ ነው፣ ሽቦ መፈለግ ጊዜ ማባከን ነው። ቀጥሎ ሞተሩን አስነስተህ በደቂቃ 5000 ዙር ላይ የባትሪውን ጫፎች ለካ፦ ከ14 እስከ 14.8 ቮልት። ከዚያ በታች ከሆነ ባትሪው ድሮውንም አልሞላም፤ ስድስት ቀን ብቻ የሚቆየውም ሳይሞላ ስለጀመረ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ልኬት። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ቴስተሩን በፖዘቲቭና በነጋቲቭ መካከል አምፒር ላይ አድርጎ መክተት ሾርት ማድረግ ነው። ቴስተሩ በመንገዱ መካከል መግባት አለበት፦ የነጋቲቩን ገመድ ከባትሪው ታላቅቃለህ፣ አንዱን ጫፍ በባትሪው ነጋቲቭ፣ ሌላውን በተፈታው ገመድ ላይ ታደርጋለህ። ነጋቲቩ የሚመረጠው የብሎን መፍቻህ ሻሲውን ቢነካ እሳት ስለማያስነሳ ነው።

በ10 አምፒር ቀዳዳ ጀምር። ባትሪው እንደገና ሲያገኛቸው ኮምፒውተሩና መሣሪያዎቹ ለአፍታ ነቅተው ብዙ ይስባሉ፤ በሚሊአምፒር ቀዳዳ ከጀመርክ የቴስተሩ ፊውዝ ይቃጠላል። ይህን ለማምለጥ ጥሩው ዘዴ ይኸ ነው፦ አጭር ሽቦ በሁለት አዞ ቆንጣጭ ወስደህ ባትሪውንና ገመዱን አገናኝ፣ ቴስተሩን ከጎኑ ትይዩ ግጠም፣ 20 ደቂቃ ያህል ሁሉም ነገር እስኪተኛ ጠብቅ፣ ከዚያ ድልድዩን ሽቦ ብቻ አንሳ። ንባቡ ከ100 ሚሊአምፒር በታች መሆኑን ካየህ ድልድዩን መልሰህ ወደ ሚሊአምፒር ቀይርና ደግመህ አንሳ። ቴስተሩ እንደገባ ቁልፍ መክፈት፣ ሞተሪኖ መንካት ፈጽሞ የለም። ሽቦውን ከውጭ አቅፎ የሚለካውን የቆንጣጭ አምፒር መለኪያም እርሳው፤ ርካሾቹ በዚህ መጠን ላይ የሚሰጡት ቁጥር የዕድል ጉዳይ ነው።

የጂፒኤስ መከታተያ ስላለህ አንድ ንባብ አይበቃም። እንዲህ ያለው መሣሪያ ይተኛል፣ ይነቃል፣ ቦታውን ይልካል፣ መልሶ ይተኛል፤ ቁጥሩ ዝቅ ብሎ ሲቆይ ድንገት ወደ 100 ሊዘል ይችላል። ቢያንስ ሩብ ሰዓት ተመልከት። ቴስተርህ ከፍተኛና ዝቅተኛ የሚይዝ ከሆነ ተጠቀምበት።

ከዚያ ፊውዝ ለመንቀል አትቸኩል። መጀመሪያ በቀጥታ ባትሪው ላይ የታሰሩትን አላቅ፣ አንድ በአንድ፣ ከእያንዳንዱ በኋላ ቁጥሩን ጻፍ። በእኔ ግምት ከመከታተያው ቀጥሎ የምትይዘው የስልክ ቻርጀሩን ነው፤ በተለይ ሰማያዊ ቁጥር ቮልት የሚያሳየው ዓይነት ከሆነ። ስልክ ባይሰካበትም ውስጡ ያለው መቀየሪያና ማሳያው ቀን ከሌሊት ይበላሉ። የጭጋግ መብራቱ ማብሪያ ላይ የምታበራ ትንሽ ኤልኢዲ ካለችም ቁጠራት። ሦስቱም ተላቀው ቁጥሩ ወደ ጥቂት ሚሊአምፒር ከወረደ ፍለጋው አልቋል።

ካልወረደ ብቻ የፋብሪካውን ፊውዞች እየነቀልክ ወደ ቦታቸው መልስ። ቁጥሩን የሚጥለው ፊውዝ መስመሩን ይነግርሃል። በመኪና ላይ ፊውዙን ሳይነቅሉ በሁለቱ ጫፎቹ መካከል ሚሊቮልት የሚለኩ አሉ፤ እዚህ ግን 40 ሚሊአምፒር በ10 አምፒር ፊውዝ ላይ የሚያሳየው 0.3 ሚሊቮልት ገደማ ስለሆነ በተራ ቴስተር አይታመንም። ከዋናው በቀር ሁሉም ፊውዝ ተነቅሎም የሚስብ ካለ ሬጉሌተሩን (ባትሪው የሚሞላበትን ቮልት የሚቆጣጠረውን) ጠርጥር። ስፒናውን ንቀል፤ ቁጥሩ ከወደቀ ውስጡ ያለው ዳዮድ (ኤሌክትሪክን በአንድ አቅጣጫ ብቻ ማሳለፍ ያለበት) ወደ ኋላ ያፈሳል፣ ይቀየራል፣ አይጠገንም። ስፒናዎቹ ውስጥ አረንጓዴ ዝገት ካገኘህም አጽዳው፤ እርጥበት ራሱ መንገድ ይሠራል።

መፍትሔው ቻርጀሩን መጣል አይደለም፤ በሬሌ ማሰር ነው። አራት እግር ያለው ተራ የመኪና ሬሌ ይበቃል፦ 30 ከባትሪው ፖዘቲቭ በ15 አምፒር ፊውዝ (ፊውዙ ከባትሪው ከ15 ሴንቲሜትር አይራቅ)፣ 87 ወደ ተጨማሪ ዕቃዎቹ የፊውዝ ሳጥን፣ 85 ማሳ (ሻሲው ወይም ነጋቲቩ)፣ 86 ደግሞ ቁልፍ ሲከፈት ብቻ ኤሌክትሪክ ከሚያገኝ ሽቦ። ሽቦ ቆንጥጦ የሚወጋውን ፈጣን ማገናኛ አትጠቀም፤ ክሮቹን ይቆርጣል፣ ዝናብም ያስገባል። በስታኞ አያይዝና በሙቀት የሚጨማደድ ቱቦ ሸፍነው።

መከታተያው ግን በሬሌ ከታሰረ ሲሰረቅ አይሠራም፤ እሱን በቀጥታ ተወውና የሚስበውን ተቀበል። 15 ሚሊአምፒር ከሆነ ባትሪው ግማሽ የሚደርሰው ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው። ከዚያ በላይ የምታቆመው ከሆነ ባትሪ ጠባቂ ቻርጀር ሰካበት። ከዜሮ በታች በሚወርድ ብርድ ደግሞ ያለቀ ባትሪ ውስጡ በረዶ ሆኖ ሊሰነጠቅ ይችላል፤ ሙሉው አይነካውም።

ሲያልቅ በዚያው አሠራር ደግመህ ለካ። ቁጥሩ 3 ሚሊአምፒር ሆኖ እንኳ በሳምንቱ ካላስነሳ፣ አሁን ያለው ባትሪ ደጋግሞ ባዶ ሲሆን አቅሙን አጥቷል፤ ሞተሪኖ ሲዞር ቮልቱን ተመልከት፣ ከ9.5 በታች ከወረደና የገመዶቹ ማሰሪያ ጥብቅና ንጹሕ ከሆነ ያን ጊዜ ሦስተኛውን ግዛ።