ፓምፑን ኖራ ይዞታል፣ ቢምቢው ግን ከገንዳው ላይሆን ይችላል

እህቴ፣ የዓሣ ገንዳሽ ፓምፕ እያጉረመረመ ውሃ አልገፋ እንዳለሽ፣ ማታ ማታም ቢምቢ እንዳስቸገራችሁ ጽፈሽ «ላምባ ጠብ ላድርግበት ወይ?» ብለሻል። እንደ ድሬ ልጅ አንቺ ልበልሽና፣ ላምባውን ተዪው። ዓሦችሽን ይፈጅብሻል፣ የፓምፑንም ጎማ ያበላሻል።

እኔ ሳቢያን ሰፈር ግቢዬ ውስጥ የሲሚንቶ ገንዳ ከሠራሁ ስድስት ዓመቴ ነው። የመጀመሪያውን ፓምፕ ተቃጠለ ብዬ በአራት ወሩ ጣልኩት። ለካ ኖራ ይዞት ነው! የድሬን ውሃ ታውቂዋለሽ፤ ማንቆርቆሪያሽ ውስጥ ያለው ነጭ ቅርፊት ፓምፑም ውስጥ አለ። በዚህ ሙቀት ደግሞ ውሃው ይተናል፣ ኖራው ይቀራል፣ የጎደለውን በሞላሽ ቁጥር ሌላ ይጨመርበታል። ስለዚህ በየሁለት ሳምንቱ ሩቡን ያህል ቀድቼ ለፓፓያው አጠጣለሁ፣ ከዚያ እተካለሁ።

ስታጸጂ መጀመሪያ ሶኬቱን ንቀዪ። መብራት ጠፍቶም ቢሆን ንቀዪው፤ ድንገት ሲመጣ እጅሽ ውሃ ውስጥ ነው። የፊቱን ክዳን ስትከፍቺ ማግኔት ላይ የተሰካች ትንሽ ክንፍ ታገኛለሽ። በቀስታ ጎትቺያት፤ ዘንጓ የሸክላ ከሆነ እንደ ጠመኔ ቀጭ ይላል፣ አንድ ሰብሬያለሁ። አቼቶና ውሃ እኩል ቀላቅለሽ ዘፍዝፊያት፤ አድራ ጠዋት በጥርስ ብሩሽ ስትነኪያት ቅርፊቱ ይረግፋል። የምትገባበትንም ቀዳዳ በጆሮ ማጽጃ ጥጥ ጥረጊው። አሲድ እንዳትሞክሪ። ስትመልሺው ጭቃው ላይ ሳይሆን ግማሽ ብሎኬት ላይ አስቀምጪው፣ በሽንኩርት መረብ ከረጢትም ጠቅልዪው። ውሃው ከፓምፑ በታች ከወረደ ግን ያኔ የምር ይቃጠላል።

በቢምቢው እኔ ራሴ ተሸውጃለሁ። ገንዳው ውስጥ ቆሮሶ አለ፣ ቆሮሶ እጭ አይምርም፤ ፓምፑም ውሃውን ያናውጠዋል፣ ትንኝ ደግሞ የምትወደው የረጋውን ነው። ቢምቢው ግን አልቀነሰም። የቧንቧ ውሃ ክሎሪን ለዓሣ ስለማይሆን አንድ ቀን የማሳድርበት በርሜል አለኝ፤ ጣውላ ጣል አድርጌበት ሳምንት ረስቼዋለሁ። ስከፍተው ጥላዬ ሲያርፍበት ውሃው ተርመሰመሰ። ጥቂት ቆሜ ስጠብቅ እጮቹ ተመልሰው ወጡ፤ ገሚሶቹ ተዘቅዝቀው ተንጠለጠሉ፣ ገሚሶቹ ከውሃው ፊት ጋር ጋደም አሉ። ጋደም የሚሉት የወባዋ ትንኝ ልጆች ናቸው።

ድሮ ወባ ረግረግ ይፈልጋል ይባል ነበር። አኖፊለስ ስቴፈንሲ የምትባለዋ የወባ ትንኝ በ2016 እ.ኤ.አ. ሶማሌ ክልል ቀብሪደሃር ከተገኘች ወዲህ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ በሮቶና በበርሜል ንጹሕ ውሃ፣ በበጋም ትራባለች። በ2022 እ.ኤ.አ. ድሬ ላይ በተነሳው የወባ ወረርሽኝም እጇ እንደነበረበት ታይቷል። ከተዘቅዛቂዎቹ መሃል ደግሞ የዴንጊ ትኩሳት የምታስተላልፈዋ ትንኝ ልትኖር ትችላለች፤ በ2013 እ.ኤ.አ. የነበረውን ዴንጊ የድሬ ሰው አይረሳውም። የሷ እንቁላል በርሜሉ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ፣ ደርቆም ለወራት ስለሚቆይ መድፋት ብቻ አይበቃም። እኔ ደፍቼ በሽቦ ፈገፈግኩት፣ አፉንም በአሮጌ አጎበር ሸፍኜ በከመነዳሪ አሰርኩት።

እንቁራሪቶቹን ተያቸው፣ አይጎዱሽም። ጦጣዋ ግን ቱቦ ትነቅላለች፣ እሷን እኔም አልቻልኳትም።

ዛሬ ማታ ባትሪ ይዘሽ ውሃ የምታሳድሪበትን ዕቃ፣ የሮቶሽን ክዳንና የአበባ ማሰሮ ሥር ያሉትን ሳህኖች እዪ። ጋደም ያሉ ካገኘሽ ፎቶ አንስተሽ እዚሁ ላኪልን።