«ልጆቼን በየጊዜው ታይፎይድ ነው ይሉኛል፤ ምን ቫይታሚን ልስጣቸው?» ላልሽው እህት

እህቴ፣ ልደታ ኮንዶሚኒየም እንደምትኖሪ፣ ሁለቱም ልጆችሽ ሆዳቸውን እያመማቸው እንደሚያስቀምጣቸው፣ ክሊኒክ በወሰድሻቸው ቁጥር ታይፎይድ ተብሎ መድኃኒቱን ጨርሰው ትንሽ ሰንብቶ እንደሚመለስባቸው ጽፈሻል። «ሰውነታቸው እንዲጠነክር ምን ቫይታሚን ይሻላል?» ነው ጥያቄሽ። ከሥር የተሰጠሽንም መልስ አየሁት፤ አንዷ ሽፈራው ቀቅለሽ አጠጪ ትላለች፣ አንዱ ነጭ ሽንኩርት በማር፣ ሌላዋ ከዱባይ የሚመጣ ሽሮፕ ልትሸጥልሽ ኢንቦክስ ነይ ብላሻለች። ኢንቦክስ አትሂጂ።

እኛ ቤት ያለፈው ቁርጥ ያንቺ ነው። ከአራት ኪሎ ወረድ ብሎ ኮንዶሚኒየም፣ ላይኛው ፎቅ፣ ውሃ በፈረቃ፣ ጣሪያው ላይ ሮቶ፣ ልጆች፣ አማቴም አብረውን። ለዚህ ነገር ያወጣነው ብር የአንድ ተርም የትምህርት ቤት ክፍያ ይወጣው ነበር። ተራ በተራ ልንገርሽ።

1. በአንድ ወረቀት ብቻ ታይፎይድ ነው ሲሉሽ እሺ ብለሽ አትውጪ።

ሰፈራችን ውስጥ ያለ አንድ የግል ክሊኒክ ነበር የምንሄደው። ስሙን አልጠራም። ገና ካርድ ሳይወጣ ገንዘብ ተቀባይዋ ቀና ሳትል «የታይፎይድና የታይፈስ ልጻፈው?» ትላለች። ሐኪሙ የልጁን ሆድ በእጁ ነክቶ አያውቅም። ደም ይቀዳል፣ ወረቀት ይወጣል፣ «ሪአክቲቭ» ይላል፣ አለበት ማለታቸው ነው፤ ከዚያ መርፌ ጠዋትና ማታ። ትንሿ ልጄ ነጭ ጋዋን የለበሰ ሰው ስታይ፣ ፀጉር ቤት ውስጥ ሳይቀር፣ መጮህ ጀምራ ነበር።

አንድ ቀን ባለቤቴ በሽቆ «እስቲ የኔንም ሥሩልኝ» አለ። ጉንፋን እንኳ ያልያዘው ሰው ነው፤ የዚያን ዕለት ጠዋት ኳስ ተጫውቶ ነው የመጣው። ወረቀቱ 1:160 ይላል፣ በቀይ እስክሪብቶ ተከቦ። ለሱም መርፌ ታዘዘ! «እኔ እኮ አላመመኝም» ሲል «ውስጥ ውስጡን ነው የሚበላህ» አሉት። ለምን ብሎ ሲጠይቅ ደግሞ «አንተ ነህ እኔ ሐኪሙ? ካላመንክ ለምን መጣህ?» ተባለ፣ ወረፋ የሚጠብቀው ሰው ሁሉ እየሰማ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ያ ምርመራ ዊዳል ይባላል፤ በፈረንጆቹ 1896 የተጀመረ ነው። የሚፈልገው ባክቴሪያውን አይደለም፤ ሰውነት ባክቴሪያውን ለመከላከል የሠራውን ፀረ እንግዳ አካል ነው፤ ወረቀቱ ላይ ያለው 1:160ም የሱን መጠን የሚያሳይ ቁጥር ነው። ድሮ ታይፎይድ ይዞት የዳነ፣ የተከተበ፣ ወይም ሌላ ተመሳሳይ ባክቴሪያ የነካው ሰውም ሪአክቲቭ ሊልበት ይችላል። ታይፎይድ እንደ ልብ ባለበት እንደኛ ባለ ከተማ ደግሞ ጤነኛው ሁሉ ቁጥር አያጣም። በዊዳል ለመናገር ከ10 እስከ 14 ቀን አራርቆ ሁለቴ ሠርቶ ቁጥሩ አራት እጥፍ መጨመሩን ማየት ያስፈልጋል፤ ከሱ የሚሻለው የደም ካልቸር ነው፣ ባክቴሪያውን ራሱን ከደም አሳድጎ የሚፈልግ ምርመራ፤ ውጤቱ ቀናት ይወስዳል። ይህን የነገሩኝ ኋላ የሄድንበት ጤና ጣቢያ ውስጥ ያሉ አንዲት ጠና ያሉ ሲስተር ናቸው። የመጀመሪያ ጥያቄያቸው «ውሃ ከምን ቀድታችሁ ነው የምትጠጡት?» የሚል ነበር። ያን ሁሉ ጊዜ ስንመላለስ ይህን የጠየቀን ሰው አልነበረም። ሰገራ አሠሩልን፤ የልጆቹ ጃርዲያ የሚባል የአንጀት ጥገኛ ተሕዋስ ሆኖ ተገኘ። መርፌው ለጃርዲያ ምኑም አልነበረም።

አደራ፣ ታይፎይድ የለም እያልኩሽ አይደለም። ትኩሳቱ ቀን በቀን እየጨመረ ቀናት ካስቆጠረ ሐኪም ጋ ሂጂ፣ ካልቸር ይሠራ እንደሆነ ጠይቂ። አሁን የጀመሩትን መድኃኒትም ከኔ ሰምተሽ እንዳታቋርጪባቸው።

2. ውሃ። እዚህ ላይ ረጋ ብለሽ አንብቢኝ።

የለገዳዲና የገፈርሳ ውሃ ተጣርቶ፣ ክሎሪን ገብቶበት ነው የሚለቀቀው። ችግሩ መንገድ ላይና ቤታችን ውስጥ ነው። በፈረቃ ሲሆን ቧንቧው ባዶ ሆኖ ይቆያል፣ ግፊት የለውም፤ የተሰነጠቀበት ቦታ ካለ አጠገቡ ያለውን ቆሻሻ ይስባል። ስለዚህ ውሃ መጣ ተብሎ ሰፈሩ ሲንጫጫ የመጀመሪያውን ለመጠጥ አትቅጂ። ለሽንት ቤትና ለመወልወያ አድርጊው፣ ጠርቶ መውረድ ሲጀምር ጀሪካንሽን አቅርቢ።

ጀሪካኑንም አፍንጫሽን አስጠግተሽ እይው። የኛ ቢጫ ጀሪካን ከውጭ ሲታይ በየቀኑ የሚታሽ፣ ንጹሕ ነበር። ሲስተሯ እንዳሉኝ ጣቴን በአፉ አስገብቼ ውስጡን ፈተግሁት፤ እንደ ቀንድ አውጣ የሚያሙለጨልጭ አረንጓዴ ነገር ጥፍሬ ሥር ገብቶ ወጣ። ልጆቼ ሲጠጡት የከረሙት እሱን ነው። አሁን ጠጠርና ሳሙና ከትንሽ ውሃ ጋር ከትቼ በደንብ እንጠዋለሁ፣ በበረኪና አጥባለሁ፣ ሽታው እስኪጠፋ አለቀልቃለሁ። በረኪናን ከሌላ ማጽጃ ጋር አትቀላቅዪ፣ የሚወጣው ጭስ ይጎዳል። ባልዲ ከሆነ ደግሞ ቧንቧ ያለው ግዢ፤ ኩባያ እየነከሩ መቅዳት ማለት የልጅ እጅ ከነጥፍሩ ውሃው ውስጥ መግባት ማለት ነው።

ውሃ አጋር የሚባለውን ክሎሪን ጠርሙሱ ላይ በተጻፈው ልክ ጨምሮ 30 ደቂቃ መጠበቅ ለብዙው ባክቴሪያ ይበቃል። ጃርዲያ ግን ለክሎሪን ቶሎ እጅ አይሰጥም፤ ለልጆች የሚጠጣውን አፍዪ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች ውሃ እዚህ 100 ዲግሪ ሳይደርስ፣ 92 አካባቢ ነው የሚፈላው። ስለዚህ ገና ሲንተከተክ ከማንሳት 3 ደቂቃ ያህል እንዲንፈቀፈቅ ተዪው። መብራት ይፈጃል፣ አውቃለሁ፤ መርፌው የበለጠ ይፈጃል።

3. እጅ። እኛ ከማዕድ በፊት የምንታጠብ ሕዝብ ነን፣ በዚህ ማንም አይበልጠንም። ግን እንዴት? ማስታጠቢያው ይዞራል፣ ውሃ ጠብ ጠብ ይላል፣ ሳሙናው መታጠቢያ ቤት ነው፣ ፎጣው አንድ፣ እንግዳውም ልጁም በሱ ያደርቃል። ከዚያ ጉርሻ። አማቴን ስለ ሳሙና መናገር እንዴት እንደከበደኝ አትጠይቂኝ። «እኔ ሰባት ልጅ ያሳደግሁት በሳሙና ነው እንዴ?» አሉኝ፤ ለጥቂት ጊዜም አኩርፈውኝ ነበር። በመጨረሻ ልጄ ናት የፈታችው። ትምህርት ቤት ያስተማሯትን መዝሙር እየዘመረች የአያቷን እጅ በሳሙና ታሽላቸው ጀመር። አሁን እሳቸው ራሳቸው እንግዳውን «ሳሙና ሳትነካ?» እያሉ ያሸማቅቁታል። ከሽንት ቤት ስትወጪ፣ ሕፃን ካጸዳሽ በኋላ፣ ምግብ ከመንካትሽ በፊት፤ 20 ሰከንድ፣ በሚፈስ ውሃ። ፎጣውን ለየብቻ አድርጊ።

4. ሰላጣ። ከተማው ውስጥ ባሉ ወንዞች ዳር የሚለማ ቅጠል እንዳለ ታውቂያለሽ፤ የወንዙንም ቀለም ታውቂያለሽ። ለልጆች ጥሬ ቅጠል ትቻለሁ። ጎመን ይቀቀላል፣ ካሮት ይላጣል፣ አለቀ።

ሌሎቹን ቁጥር አልሰጣቸውም። ሲያስቀምጣቸው ቀድመሽ ኦ አር ኤስ (በውሃ የሚበጠበጠው የተቅማጥ ዱቄት)፣ አንዱን ከረጢት በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ፣ በ24 ሰዓት ውስጥ ያላለቀውን ድፊው። ከስድስት ወር በላይ ለሆነ ልጅ ዚንክም ጨምሪ፣ በቀን 20 ሚሊግራም ከ10 እስከ 14 ቀን፣ ተቅማጡ ቢቆምም አታቋርጪ። ምግብ አትከልክዪ። ደም ካየሽ፣ የጠጣውን ሁሉ ካስመለሰ፣ ዓይኑ ከጎደጎደ ወይ ከደነዘዘ ግን ቤት ውስጥ አትቆዪ፣ ሌሊትም ቢሆን ውጪ።

ሮቶውን ረስቼው። የሕንፃችን ኮሚቴ ጋ ሄጄ ሮቶው ከተተከለ ጀምሮ ታጥቦ ያውቃል ወይ ስል ሊቀመንበሩ ሳቀብኝ። «የሚከደን ነገር ይቆሽሻል እንዴ?» ደብዳቤ ጻፍኩ፣ ቃለ ጉባኤ ላይ አይሰፍርም ተባልኩ። ስለዚህ ከጎረቤት ወጣቶች አንዱን ለምኜ ጣሪያ ላይ አስወጣሁትና ውስጡን በስልክ አስቀረጽኩት። ክዳኑ ተሰብሯል፣ የርግብ ላባ ይንሳፈፋል፣ ታቹ ጭቃ ነው። ቪዲዮውን የሕንፃው ቴሌግራም ግሩፕ ላይ ለቀቅሁት። እሑድ ሳይደርስ ብር ተዋጣ፣ ታጠበ፣ ክዳን ተገዛ። አሁን በየስድስት ወሩ ይታጠባል፤ ሊቀመንበሩም በየስብሰባው «ያሳጠብኩት እኔ ነኝ» ይላል። ይበል፣ ውሃው ንጹሕ ይሁን እንጂ። አንቺም በመለመን አትጀምሪ፣ በቪዲዮ ጀምሪ።

ቫይታሚኑን በተመለከተ፣ ልጆቹ የሚበሉ ከሆነ የሽሮፑን ብር ለእንቁላል አድርጊው። ከፍ ያሉ ከሆኑ የሆድ ትል መድኃኒት በየስድስት ወሩ ይሰጥ እንደሆነ ጤና ጣቢያ ጠይቂ። ዛሬ ማታ ደግሞ ትምህርት ቤት ይዘውት የሚሄዱትን ኮዳ ክዳን ፈትተሽ ላስቲኩን በቢላ ጫፍ አውጪው። ከሥሩ ያገኘሽውን እዚሁ ፎቶ አንስተሽ ለጥፊልን።