የኩባንያው ስምና የኮንትራቱ ፊርማ፦ በአውሮፓ ሥራ ለጀመሩ ወጣቶች

ውድ ወጣቶች፣

በቅርቡ የአንድ ወዳጄ ልጅ ደውላ፣ ስሙ በዓለም ሁሉ የታወቀ ኩባንያ ውስጥ ሥራ መጀመሯን አበሠረችኝና «ጋሼ፣ ከእንግዲህ የሥራ ሐሳብ የለብኝም ማለት ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። ኮንትራቱን የፈረመልሽ ማን ነው ስላት፣ ኩባንያው ሳይሆን ለኩባንያው ሠራተኛ የሚያቀርብ ኤጀንሲ እንደሆነ ነገረችኝ። እንኳን ደስ አለሽ አልኳት፤ ደስታዋ የሚገባት ነውና። ነገር ግን ጥያቄዋ ዓመታት ያላጠፉትን ቁጭት ቀሰቀሰብኝ። ለእርሷ በስልክ በአጭሩ የመለስኩትን ለእናንተ ዘርዘር አድርጌ መጻፍ የፈለግሁት በዚህ ምክንያት ነው። ቋንቋ ተማሩ፣ ሰዓት አክብሩ፣ ገንዘብ ቆጥቡ የሚለውን ወላጆቻችሁ ደጋግመው ስለነገሯችሁ እኔ አልመለስበትም።

የሥራ ዘመኔን ያሳለፍኩት በምዕራብ ጀርመን፣ በድንጋይ ከሰልና በብረት በሚታወቀው የሩር አካባቢ፣ የመኪና መለዋወጫ በሚያመርት ፋብሪካ ውስጥ የጥራት ተቆጣጣሪ ሆኜ ነው። ፋብሪካው፣ ዋና መሥሪያ ቤቱ ከአውሮፓ ውጭ የሆነና በብዙ አገሮች ቅርንጫፍ ያለው ኩባንያ ንብረት ነበር። ከጊዜ በኋላ ባልደረቦቼ ጀርመኖች ቤትሪብስራት ለሚሉት የሠራተኞች ምክር ቤት መረጡኝ። ይህ ምክር ቤት ከሠራተኛ ማኅበር የተለየ ነው። ቢያንስ አምስት ሠራተኛ ባለበት መሥሪያ ቤት ሁሉ ሠራተኞቹ ከፈለጉ ሊያቋቁሙት ይችላሉ፤ አሠሪውም ስለ ፈረቃ፣ ስለ ትርፍ ሰዓት፣ ስለ ስንብት ሳያማክረው እንዳይወስን ሕግ ያስገድደዋል።

በዚያ ፋብሪካ እንደ ታናሽ ወንድሜ የማየው አንድ የጎንደር ልጅ ነበር። የሞተር ዘይት እንዳያፈስ የሚከለክሉት የላስቲክ ቀለበቶች በሚመረቱበት ማሽን ላይ፣ አብዛኛውን ጊዜ በሌሊት ፈረቃ ይሠራ ነበር። እኛ በመለኪያ መሣሪያ የምንፈልገውን ጉድለት እርሱ ጓንቱን አውልቆ ቀለበቱን በአውራ ጣቱ ዙሪያውን አንድ ጊዜ ዳብሶ ያገኘዋል፤ የለየውን ወስጄ ስለካው ተሳስቶ ያገኘሁበትን ጊዜ አላስታውስም። የሥራ ልብሱ ከእኔ ጋር አንድ ነበር፤ ጀርባው ላይ የኩባንያው ስም በትልቁ ተጽፎበታል። የሚለየን የደረታችን ካርድ ነበር፤ የቋሚዎቹ ሰማያዊ፣ የኤጀንሲዎቹ ግራጫ። ያን ጃኬት እሑድ እንኳ ነጠላውን ከላይ ደርቦ ይለብሰው ነበር፤ እናቱም አገር ቤት ሆነው የልጃቸውን ኩባንያ ስም ለጎረቤት በኩራት ይናገሩ እንደነበር አጫውቶኛል። በከተማችን የሚገኝ አንድ የቤተሰብ ንብረት የሆነ አነስተኛ የብረታ ብረት ወርክሾፕ ቋሚ ሥራ ሊሰጠው ሲጠይቀው፣ ይህን የመሰለ ስም ያለው ኩባንያ ትቼ ወደዚያ ብገባ ሰው ምን ይለኛል ብሎ ሳይሄድ ቀረ።

እዚህ ላይ ሕጉን ማወቅ ያስፈልጋል። በ2001 (የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የተሻሻለው የጀርመን ሕግ፣ በአንድ ፋብሪካ ከሦስት ወር በላይ የሚመደብ የኤጀንሲ ሠራተኛ በዚያ ፋብሪካ የሠራተኞች ምክር ቤት ምርጫ ላይ ድምፅ እንዲሰጥ ይፈቅዳል። ስለዚህ ያ ልጅ በምርጫው ዕለት ከሌሊት ፈረቃ ወጥቶ፣ ወደ ቤቱ ሳይሄድ ወረፋ ጠብቆ ድምፁን ሰጠኝ። በዚያ ዘመን የኤጀንሲ ሠራተኛ በአንድ ቦታ የሚቆይበትን ጊዜ የሚገድበው ድንጋጌ ተነሥቶ ስለነበር፣ አንድ ሰው ያንኑ ማሽን ይዞ ለዓመታት በግራጫ ካርድ ቢሠራ ሕገ ወጥ አልነበረም።

የ2008ቱ የዓለም የፋይናንስ ቀውስ ወደ መኪና ኢንዱስትሪው በደረሰበት ወቅት፣ አንድ ጠዋት ሁለቱም ፈረቃዎች ምግብ አዳራሽ እንድንሰበሰብ ተነገረን። ሥራ አስኪያጁ ከጎናችን ያደገ የዚያው አካባቢ ሰው ነበር። ፋብሪካው እንደሚዘጋና ምርቱ ወደ ምሥራቅ አውሮፓ እንደሚዛወር ከወረቀት ላይ አነበበልን፤ ሲያነብ ቀና ብሎ አላየንም። ውሳኔውን እርሱ ራሱ የሰማው ባለፈው ምሽት በስልክ እንደነበር ኋላ ላይ ነገረን። ፋብሪካችን አልከሰረም ነበር። ያን ዕለት የገባኝ ነገር፣ ሥራ አስኪያጃችን ማለዳ እየመጣ እጃችንን የሚጨብጠን እርሱ ቢሆንም፣ ስለ እኛ የሚወስኑት ሰዎች አንዳችንንም አይተው የማያውቁ መሆናቸው ነው።

በጀርመን የሠራተኞች ምክር ቤት የፋብሪካን መዘጋት ማስቆም አይችልም፤ መዝጋት የባለቤቱ መብት ነው። የሚችለው ሶዚያልፕላን የሚባለውን የካሳ ስምምነት ማስገኘት ነው፤ አሠሪው እምቢ ቢል ጉዳዩ ለአስታራቂ ጉባኤ ቀርቦ በውሳኔ ሊጸና ይችላል። የካሳው ስሌት እንደ ብዙዎቹ ስምምነቶች፣ የሠራተኛው ዕድሜ በአገልግሎት ዘመኑ፣ ያም በወር ደመወዙ ተባዝቶ፣ በድርድር ለተወሰነ ቁጥር የሚካፈል ነበር። የማካፈያው ቁጥር ባነሰ መጠን ለሠራተኛው የሚደርሰው ስለሚበዛ፣ በዚያች አንዲት ቁጥር ላይ ሌሊቱን ሙሉ ተከራክረን አሳነስናት። ልጆች ላሏቸውና ለአካል ጉዳተኞች ተጨማሪ ክፍያ አስገባን። በመጨረሻ የተካፋዮቹ ስም ዝርዝር በፊደል ተራ ተዘጋጅቶ ሲሰጠኝ ከላይ እስከ ታች አነበብኩት፤ ግራጫ ካርድ ካላቸው ሰዎች የአንዱም ስም አልነበረበትም።

ጉዳዩን ጠረጴዛው ላይ አነሣነው። የኩባንያው ጠበቃ፣ እነዚህ ሰዎች ከኩባንያው ጋር የሥራ ውል የላቸውም፣ አሠሪያቸው ኤጀንሲው ነው አለን። ኤጀንሲውን ስንጠይቅ ደግሞ፣ እኔ ፋብሪካ አልዘጋሁም፣ ካሳ የምከፍልበት ምክንያት የለም አለ። ሁለቱም እንደ ሕጉ ትክክል ነበሩ፤ የቁጭቴም ሥር ይህ ነው። ለልጁ ነገሩን ያስረዳሁት የደረት ካርዳችንን በምንፈትሽበት መግቢያ በር ላይ ቆመን ነበር። ሕጉን አንድ በአንድ ሰማኝና «ጋሼ፣ ድምፅ ስሰጥዎት ግን የዚህ ፋብሪካ ሠራተኛ ነበርኩ አይደል?» አለኝ። አዎ ነበርክ አልኩት፤ ከዚያ በላይ የምለው አልነበረኝም። ኤጀንሲው ሕጉ የሚጠይቀውን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ አሰናበተው። ዛሬ በሌላ ከተማ አውቶቡስ ይነዳል፤ የከተማው ትራንስፖርት ድርጅት ቋሚ ሠራተኛ ነው። በበዓል እንደዋወላለን፤ ያን ነገር ግን አንሥተነው አናውቅም።

የእኛ ታሪክ የአንድ ትንሽ ፋብሪካ ታሪክ ብቻ እንዳይመስላችሁ በጎረቤታችን በቦሁም የሆነውን ላስታውሳችሁ። ኖኪያ በዚያ የነበረውን የስልክ ፋብሪካ ሊዘጋ መሆኑን ያስታወቀው በጥር 2008 ነበር፤ በ2007 ከ7 ቢሊዮን ዩሮ በላይ አትርፎ ሳለ ማለት ነው። ወደ 2,300 የሚጠጉ ቋሚ ሠራተኞች ሥራቸውን አጡ፤ ፋብሪካው ብዙ የኤጀንሲ ሠራተኞችም ነበሩት። ኩባንያው ቀደም ሲል ከመንግሥት ብዙ ሚሊዮን ዩሮ ድጎማ ተቀብሎ ስለነበር ሕዝቡ ተቆጣ፤ ፖለቲከኞች ሳይቀሩ የኖኪያ ስልካቸውን እንደሚተዉ በይፋ ተናገሩ። ቋሚዎቹ ጠንካራ ማኅበርና ምክር ቤት ስለነበራቸው የ200 ሚሊዮን ዩሮ የካሳ ስምምነት አገኙ። ምርቱ ሩማንያ ውስጥ ክሉዥ ከተማ አጠገብ ወዳለችው ዩኩ ተዛወረ። በጀርመን ብዙ ሰው ሩማንያውያኑ ሥራችንን ወሰዱብን ይል ነበር፤ ነገር ግን በመስከረም 2011 ኖኪያ የዩኩውንም ፋብሪካ እንደሚዘጋ አስታወቀ፤ በዚያም ከሁለት ሺህ በላይ ሰዎች ሥራ አጡ። ሥራውን የወሰደብን ሌላ ድኻ ሠራተኛ ነው የሚለውን ንግግር ከዚያ ወዲህ ስሰማ ዝም ብዬ አላልፍም።

በዚያው በቦሁም ኦፔል በ1962 የመኪና ፋብሪካ የከፈተው ተዘግቶ በነበረ የከሰል ማውጫ ቦታ ላይ ነበር። አንድ ቱርካዊ የሥራ ባልደረባዬ አባቱ በከሰል ጉድጓድ፣ አጎቱ በኦፔል እንደሠሩ እየነገረኝ፣ በእነርሱ ቤት እያንዳንዱ ትውልድ አንድ መዘጋት እንደሚያይ ይናገር ነበር። የኦፔሉም ፋብሪካ በታኅሣሥ 2014 ተዘጋ። ዛሬ በቦታው የዕቃ መላኪያ ድርጅቶችና የዩኒቨርሲቲ የምርምር ተቋማት ይገኛሉ፤ ሥራ አለ፣ ነገር ግን የመኪና መገጣጠም የሚያውቀውን እጅ የሚፈልግ ሥራ አይደለም።

ይህን ሁሉ ስጽፍ ዓለም አቀፍ ኩባንያዎችን እንደ ጠላት የማይ እንዳይመስላችሁ። ልጆቼን ያስተማርኩት፣ ጡረታዬንም የማገኘው ከእንዲህ ያለ ኩባንያ በሠራሁት ነው። በአውሮፓ ኅብረት በውጭ ባለቤቶች የተያዙት ኩባንያዎች በቁጥር ከመቶ አንድ ገደማ ቢሆኑም፣ በንግድ፣ በምርትና በአገልግሎት ዘርፎች ከሚሠራው ሰው ከመቶ 15 ያህሉን ይቀጥራሉ፤ ከሚፈጠረው እሴት ደግሞ ሩብ ያህሉ የእነርሱ ነው። ቮልክስዋገን በ1991 ወደ ያኔዋ ቼኮስሎቫኪያ ገብቶ መኪና ሠሪውን ሽኮዳን ባይዝ ኖሮ ያ ፋብሪካ ዛሬ የደረሰበት ይደርስ ነበር ብዬ አላምንም። ስሎቫኪያ ከሕዝቧ ቁጥር ጋር ሲነጻጸር ከዓለም ከፍተኛውን የመኪና ብዛት የምታመርተው በውጭ ኩባንያዎች ነው። አየርላንድም በዝቅተኛ የኩባንያ ግብርና በተማረ የሰው ኃይል እነ ኢንቴልንና አፕልን ስባ ከድህነት ወጥታለች። ነገር ግን በዚያችው አየርላንድ ዴል በጥር 2009 የሊምሪክ የኮምፒውተር ምርቱን ወደ ፖላንዷ ዉች ከተማ እንደሚያዛውር አስታውቆ 1,900 ሥራ ጠፍቷል። ሥራን የሚያመጣውና የሚወስደው ያው አንድ ስሌት ነው።

ሕጉም የተሻሻለው በእንዲህ ያለ ጉዳት ነው። የፈረንሳዩ መኪና ሠሪ ሬኖ በየካቲት 1997 በቤልጂግ የቪልቮርድን ፋብሪካ ሊዘጋ መሆኑን ሠራተኞቹን ሳያማክር በድንገት ሲያስታውቅ፣ ከ3,000 በላይ ሠራተኞች ጎዳና ወጡ፤ የፈረንሳይና የስፔን ባልደረቦቻቸውም አብረዋቸው ሥራ አቆሙ። ፋብሪካው ከመዘጋት አልዳነም፤ ነገር ግን ቤልጂግ በ1998 አሠሪ ከጅምላ ስንብት በፊት ሠራተኞቹን እንዲያሳውቅና እንዲያማክር የሚያስገድድ ሕግ አወጣች፤ እስከ ዛሬ የሬኖ ሕግ እየተባለ ይጠራል። በአውሮፓ ኅብረት ደረጃም በ1994 የወጣውና በ2009 የታደሰው መመሪያ፣ በአባል አገሮች ቢያንስ 1,000 ሠራተኞች፣ ከእነዚህም በሁለት አገሮች በእያንዳንዳቸው 150 ሠራተኞች ያሉት ኩባንያ፣ ሠራተኞቹ ከጠየቁ የአውሮፓ የሠራተኞች ምክር ቤት እንዲያቋቁም ያዛል። እንዲህ ያለ ምክር ቤት መብቱ የመስማትና የመማከር እንጂ የመከልከል አይደለም፤ ሆኖም የተለያዩ አገሮች ሠራተኞች በአንድ ጠረጴዛ ተቀምጠው መረጃ እንዲለዋወጡ ያደርጋል።

የዛሬ ወጣቶች ከእኛ ይልቅ ፈጣኖች ናችሁ፤ በሦስት ቋንቋ ትጽፋላችሁ፣ አለቃችሁን ያለ ፍርሃት ታነጋግራላችሁ፤ ይህን ሳይ ደስ ይለኛል። ነገር ግን ኮንትራት በስልካችሁ ላይ እስከ መጨረሻው ሳታነቡ ትፈርማላችሁ፤ ለሠራተኛ ማኅበር መዋጮ መክፈልም እንደ ብክነት ትቆጥሩታላችሁ፤ ይህ ያሳዝነኛል። የማኅበር አባል ያልሆነ ሰው እንዴት ብቻውን ከዓለም አቀፍ ኩባንያ ጋር እደራደራለሁ ብሎ እንደሚያስብ አይገባኝም። በየዓመቱ ሥራ መቀየራችሁንም አልወደውም፤ የሙያ ጥልቀት የሚገኘው አንድ ቦታ በመቆየት ነው። በሌላ በኩል ደግሞ ያ ልጅ በታማኝነት መቆየቱ ምን እንዳተረፈለት አይቻለሁና፣ ቆዩ ስላችሁ ራሴም ሙሉ በሙሉ እርግጠኛ አይደለሁም። በዕድሜ ያልገፋችሁ ግን ከማንኛውም ዝነኛ ስም ይልቅ አውስቢልዱንግን፣ ማለትም በሥራ ቦታና በትምህርት ቤት የሚሰጠውን የሙያ ሥልጠና፣ አስቀድሙ፤ እስከ ሦስት ዓመት ተኩል ቢወስድባችሁም ፋብሪካው ሲዘጋ የሙያ ወረቀታችሁ አብሮ አይዘጋም።

አሁን በጀርመን በኤጀንሲ በኩል የምትሠሩ፣ ሕጉ ከእኛ ዘመን ይሻላል። ከሚያዝያ 2017 ጀምሮ አንድ የኤጀንሲ ሠራተኛ በአንድ ኩባንያ ያለማቋረጥ የሚመደበው ቢበዛ ለ18 ወር ነው፤ ከ9 ወር በኋላም ከቋሚው ጋር እኩል ሊከፈለው ይገባል። የሠራተኛ ማኅበራትና አሠሪዎች የሚፈራረሟቸው የኅብረት ስምምነቶች ሁለቱንም ሊለውጡ ስለሚችሉ፣ በእናንተ ዘርፍ የትኛው ስምምነት እንደሚሠራ የሠራተኞች ምክር ቤቱን ጠይቁ። የተመደባችሁበትን ቀን ጽፋችሁ ያዙ፤ ጊዜው ከመሙላቱ ወራት ቀደም ብላችሁ ቋሚ ቅጥር በጽሑፍ ጠይቁ። የስንብት ደብዳቤ ከደረሳችሁ ደግሞ በሥራ ጉዳይ ፍርድ ቤት ክስ ለመመሥረት ያላችሁ ጊዜ ሦስት ሳምንት ብቻ ነው፤ ካለፈ፣ ስንብቱ ሕገ ወጥ ቢሆን እንኳ እንደ ሕጋዊ ይቆጠራል። ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በርጥቡ እንዲሉ፣ ደብዳቤው በደረሰበት ዕለት ወደ ማኅበራችሁ የሕግ አማካሪ ሂዱ።

ቋሚ ቅጥር ያላችሁ ደግሞ የሠራተኞች ምክር ቤት ምርጫ በየአራት ዓመቱ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ባሉት ወራት እንደሚካሄድ አትርሱ። ከ16 ዓመት ጀምሮ መምረጥ፣ 18 ዓመት ሞልቶት ስድስት ወር የሠራ ሰው ደግሞ መመረጥ ይችላል፤ ዜግነት አይጠየቅም። በእጩነት ስትቀርቡ ከሌሎቹ ጥያቄዎች ጋር ይህንንም አብራችሁ አንሡ፦ ፋብሪካው የኤጀንሲ ሠራተኞቹን ስንት ወር ሠርተው ቋሚ እንደሚያደርጋቸው በጽሑፍ የሚወስን ስምምነት ከኩባንያው ጋር ይፈረም። አንዳንድ ፋብሪካዎች ይህን ፈርመዋል፤ ስለዚህ ይቻላል።